የላላውን ያጠበቀ ባለእጅ

የአንድ አገር የጦር መሣሪያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሁለት ሰዎች ስም ነው፤ መሣሪያውን ባስመጣው ንጉሥና መሣሪያውን በተኮሰው ጀግና። ንጉሡ ከየትኛው መንግሥት ስንት ጠመንጃ እንደገዛ፣ በየትኛው ወደብ እንዳስገባ፣ ለየትኛው መኰንን እንዳደለ በዜና መዋዕሉ ይተረካል። ጀግናው በየትኛው አውደ ውጊያ እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ በፉከራና በቀረርቶ ይወሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ዘመን ግን፣ ማለትም ጠመንጃው በጎጆው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የኖረበት፣ እንጨቱ የተሰነጠቀበት፣ ብሎኑ የላላበት፣ ሞላው የደከመበትና እንደገና ለአገልግሎት የተሰናዳበት ዘመን ተራኪ አላገኘም።

ይሁን እንጂ ውጊያ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ወር ነገር ሲሆን፣ ጠመንጃ በአንድ ቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የሚኖር ንብረት ነበር። በሩቅ አገር ፋብሪካ የተሠራ መሣሪያ፣ መለዋወጫ በማይገኝበት፣ የጥገና ቤት በሌለበት ተራራና ቆላ ለሃምሳና ለስድሳ ዓመት ካገለገለ፣ የላላውን ያጠበቀ፣ የተሰበረውን የጠገነ እጅ መኖሩ የማያጠራጥር ነው። ያ እጅ የማን ነበር? ምን ያህልስ ያውቅ ነበር? እውቀቱ ከጥገና አልፎ ጠመንጃን ራሱን ወደ መሥራት ያልደረሰውስ ለምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ብረት ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ስለ ሥራ ክብር የሚጠይቁ ናቸው።

ነፍጥ ወደ አገር ሲገባ

በኢትዮጵያ ምድር የባሩድ መሣሪያ የጦርነትን ዕድል ሲወስን በግልጽ የታየው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጥና ነፍጠኞች አግኝተው ነበር። በ1533 ዓ.ም. ደግሞ በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምጽዋ ላይ ወርደው ከዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ተሰለፉ። ዳ ጋማ በ1534 ዓ.ም. ተማርኮ ተገደለ፤ ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በጥይት ተመትተው ወደቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የነፍጥን ኃይል በገዛ መሪዎቻቸው ሞት ተማሩ።

የመሣሪያውን የመጣበት መንገድ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «ነፍጥ»፣ «ባሩድ» እና «ዝናር» የሚሉት ቃላት የዐረብኛ መሠረት ያላቸው ሲሆኑ፣ በቀይ ባሕር ንግድ ከመሣሪያው ጋር አብረው የገቡ ናቸው። የዚያ ዘመን ነፍጥ በተለኮሰ ፈትል የሚተኮስ በመሆኑ ክፍሎቹ ጥቂት ነበሩ፤ የብረት ቱቦ፣ የእንጨት ሰደፍ፣ ፈትሉን ይዞ ወደ ባሩዱ የሚወርድ አንድ ቆልማማ ብረት። ለዚህ ዓይነቱ ነፍጥ ባሩዱም እርሳሱም በአገር ውስጥ ሊዘጋጅ ይችል ነበር። የነፍጡ ብዛት ጥቂት ቢሆንም፣ ባለቤቱ ከሩቅ አገር ፋብሪካ ጋር በዕለት ተዕለት ጥገኝነት አልተሳሰረም።

ምን ይላላል? በምን ይጠብቃል?

ጠመንጃ የብረትና የእንጨት ጋብቻ ነው፤ የመላላቱም ምክንያት ከዚሁ ጋብቻ ይመነጫል። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ብረት ግን በዚያው መጠን አይከተለውም። በነሐሴ ጠብቆ የታሰረ ብሎን በጥር ይወዛወዛል፤ ቱቦው ከሰደፉ ጋር መተቃቀፉን ይተውና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ደግሞ ወደ ኋላ የሚራገጠው ኃይል የሚያርፈው ቀጭን በሆነው የሰደፉ አንገት ላይ ነው። ያ አንገት ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ከበቅሎ ጀርባ መውደቅ፣ ዳገት ሲወጡ እንደ ምርኩዝ መደገፍ፣ የጎጆው ጢስና ዝናብ የየራሳቸውን ጉዳት ይጨምሩበታል።

የላላ ጠመንጃ ዒላማውን ከመሳት የከፋ ጠባይ አለው። ከኋላ በሚጎርሱት ጠመንጃዎች ላይ የመዝጊያው ክፍል በሚገባ ካልጠበቀ፣ ወደፊት መውጣት የሚገባው የባሩድ ነበልባል ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ አንድን የላላ ክፍል ማጥበቅ ቤተሰቡን ከዓይን መጥፋትና ከሞት የሚያድን ሥራ ነበር።

የገጠሩ ሰው ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አልነበረም። የእርሻ መሣሪያው ቀድሞ አስተምሮታል። ሞፈርና ቀንበርን በምራን የሚያስር፣ የላላውን ማረሻ በሽብልቅ የሚያጠብቅ፣ ወገሉ ሲሸሽ መልሶ የሚያስገባ ገበሬ፣ ብረትና እንጨት እንዴት እንደሚጣሉና እንዴት እንደሚታረቁ ያውቃል። ይህንኑ እውቀት ወደ ጠመንጃው አዛወረው። የተሰነጠቀ የሰደፍ አንገት ከሆነ፣ ከበሬ ቆዳ የተበጣ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ ያስረዋል። ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ ስንጥቁን ያጋጥማል፤ እንጨቱን ሊሰነጥቅ ከሚችል ምስማርም ይልቅ የተሻለ ይይዛል። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ እንደሆነ ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ከሙጫ ጋር ሰክቶ ብሎኑን መልሶ ይከተዋል። ቱቦው በሰደፉ ውስጥ የሚንገዳገድ ከሆነ ቁራጭ ቆዳ ከሥሩ ያነጥፋል። ዝገትን በቅባት ይከላከላል። በየቤተ መዘክሩ የሚታዩ በጠፍር የተጠፈሩ አሮጌ ጠመንጃዎች የዚህ ዓይነት ጥገና ምስክሮች ናቸው።

ይህን ሥራ የአንድ ወንድ ሥራ አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። ቆዳውን የፋቀ፣ ጠፍሩን ያለፋ፣ ለዝናሩ ክር የፈተለ፣ ቅባቱን ያነጠረ ሌላ ሰው ነው። ጠመንጃው በአንድ ትከሻ ላይ ቢታይም የተያዘው በመላው ቤተሰብ እጅ ነበር።

ከጎጆው ወደ ወናፉ

የቤት ጥገና ግን ወሰን አለው። ጠፍር የእንጨትን ስብራት እንጂ የብረትን ድካም አይፈውስም። ሞላው ሲሰበር፣ ምላጩ የሚይዘው የብረት ጥርስ ሲበላ፣ ብሎኑ ወድቆ ሲጠፋ ባለጠመንጃው አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ መሄድ።

ቀጥቃጩ በወናፍ ነፍቶ ከሰሉን ያፋፍማል፤ ብረቱን በጉጠት ይዞ ያግላል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ በሞረድ ይሞርዳል። ሞላ ግን ከዚህም በላይ ጥበብ ይጠይቃል። ብረቱ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት፤ ከጋለ በኋላ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ውሃ የጠጣውም በልክ መልሶ መሞቅ አለበት። ልኩ ካነሰ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ካለፈ እንደ እርሳስ ይተኛል። ቀጥቃጩ ይህን ልክ የሚያውቀው ብረቱ በእሳት ላይ ከሚያሳየው የቀለም ለውጥ ነው። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ በትምህርት ቤት ያልተሰጠ፣ ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ብቻ የሚተላለፍ የብረት ሳይንስ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ የዚህ ሳይንስ ባለቤት በኅብረተሰቡ ውስጥ የነበረው ቦታ ምን ነበር? «ጠይብ» ይባላል፤ «ቡዳ» ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል። በአብዛኛው አካባቢ ርስት አይኖረውም፤ ከገበሬው ወገን ጋር አይጋባም። በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮች ማረሻውንና ጦሩን እየሠሩ፣ ሴቶቻቸው የሸክላውን ዕቃ እየሠሩ፣ መሬት የማግኘት መብት ግን ተነፍጓቸው ኖረዋል። በኦሮሞው ኅብረተሰብ ውስጥ «ቱምቱ» የሚባሉት ቀጥቃጮችም እንዲሁ የተገለሉ ነበሩ። ንቀቱ የአንድ ብሔረሰብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ጠባይ አልነበረም፤ መሬትን የክብር መለኪያ፣ የእጅ ሥራን የውርደት ምልክት ያደረገ የባላባታዊው ሥርዓት ጠባይ ነበር።

እዚህ ላይ ታላቅ ቅራኔ ይታያል። ጠመንጃ የያዘው ሰው «ነፍጠኛ» ተብሎ ይከበራል፣ መሬትና ገባር ይሰጠዋል። የዚያኑ ሰው ጠመንጃ ያዳነው እጅ ደግሞ በሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታማል። ጀግናው በግብር ላይ የሚፎክርበት መሣሪያ ምላጩ የሚሠራው በዚያ በተናቀ እጅ መሆኑን የተናገረ ፉከራ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጋፋት ሙከራ

ይህን ቅራኔ ከሥሩ ለመነቅነቅ የሞከሩት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ንጉሡ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ መሣሪያ የሚሠራ እጅ ማግኘት እንደሚሻል ተገንዝበው ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሰፈሯቸው ዋልድማየርና ዛልሙለርን የመሰሉ አውሮፓውያን ለወንጌል ስብከት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ መድፍ መሥራት የማያውቁ መሆናቸውን ቢገልጡም ከመሞከር አላመለጡም። ከውድቀት በኋላ ውድቀት፣ ከፈረሰ ምድጃ በኋላ ሌላ ምድጃ እየተከተለ በመጨረሻ ሥራው ፍሬ ሰጠ። በእሳቱ ዙሪያ የነበረው ብዙው የሰው ጉልበት የኢትዮጵያውያን ነበር። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ተጨማሪ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ነው።

ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መድፉ ክብደት ብዙ ጽፈዋል። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን መንገዱ ነው፤ በየገደሉ ድንጋይ ሲያነሡ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ንጉሥ በእጁ ሲሠራ ማየት ለዚያ ዘመን መኳንንት ከመድፉ ድምፅ የበለጠ አስደንጋጭ ሳይሆን አይቀርም።

የጋፋት እሳት ግን ከንጉሡ ጋር ጠፋ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የንጉሡን ሠራዊት የገጠመው የናፒየር ጦር አዲሱን ስናድር ታጥቆ ነበር። ስናድር ከፊት ይጎርስ የነበረውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ በማድረግ የተለወጠ መሣሪያ ነው። ነገሩን ልብ ላለው ሰው ትልቅ ትምህርት አለበት፤ የመቅደላን ዘመቻ ያሸነፈው መሣሪያ ራሱ የታደሰ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ልዩነቱ፣ በአንደኛው አገር አሮጌውን ማደስ የመንግሥት ፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ በሌላው የተናቀ ሰው የጎጆ ሥራ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የቀልሃ ዘመን

ከመቅደላ በኋላ መሣሪያ በብዛት ገባ። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ለኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር በሺህ የሚቆጠሩ ረሚንግተኖች ተማረኩ። ወደ ሸዋ ደግሞ ነጋዴዎች የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች የጣሏቸውን መሣሪያዎች በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በዝባድ ይለውጡ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ይዞ ከባሕር ዳርቻ ወደ ሸዋ የዘለቀው ሰው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። ሸክሙ በአውሮፓ ዘመኑ ያለፈበት አሮጌ ጠመንጃ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያረጀ በመሆኑ፣ ጥገና የሚጀምረው ከደረሰበት ዕለት ነው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል በሕዝቡ ዘንድ ስም ያተረፈው ውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ሲሆን፣ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ጦር የተመረጠ ነው። ውጅግራ ባለ ብረት ቀልሃ ጥይት ይጎርሳል። ከዚህ ጋር አዲስ ጥገኝነት መጣ። ባሩድና እርሳስ በአገር ቢገኝም ቀልሃውን መሥራት ለጎጆ ቀጥቃጭ አዳጋች ነበር። ስለዚህ ባዶ ቀልሃ አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል። ጥይት ውድ ከመሆኑ የተነሣ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል። አሞሌ ጨው፣ ማርያ ቴሬዛ ብርና የውጅግራ ጥይት ጎን ለጎን የሚሄዱበት ገበያ፣ የአንድን ኅብረተሰብ ኢኮኖሚ ከብዙ ገጽ መግለጫ ይበልጥ ያሳያል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ከ50 የሚበልጡ መድፎችና 11 ሺህ ያህል ጠመንጃዎች አስገኘ። ሆኖም የጣሊያኑ ጠመንጃ ጥይት ለውጅግራ አይሆንም፤ የውጅግራው ብሎን ለረሚንግተን አይገባም። የድል ብዛት የመሣሪያ ዓይነት ብዛት አመጣ፤ የዓይነት ብዛትም ጥገናን አወሳሰበ። ባለእጁ የአንዱን ሬሳ አፍርሶ ሌላውን ነፍስ እየዘራበት፣ ያልታየውን ክፍል በሞረድ እየቀረጸ የብዙ አገር ፋብሪካዎችን ቋንቋ በአንድ ጎጆ ውስጥ ለመተርጎም ተገደደ።

አዋጁና ያልተቀየረው ልብ

ምኒልክ የዚህን እጅ ዋጋ ያውቁ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ከሁለት ባለሙያ ጓደኞቹ ጋር አንኮበር የደረሰውን ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ጫማ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ኢልግ ከአውሮፓ የተሻለ በርካሽ እንደሚገዛ ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም። የንጉሡ ፍላጎት ነገሩ በአገር ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል በዓይን ማየት ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክ ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ስም ማዋረድ አገርን ያለ ሙያ የሚያስቀር በደል መሆኑን አስገንዝቦ፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታወቀ። በኢትዮጵያ የሥራ ታሪክ ውስጥ ይህ አዋጅ ልዩ ስፍራ ይገባዋል። ነገር ግን አዋጅ ምላስን ሊያስር እንጂ መሬትን ሊያከፋፍል አልቻለም። ቀጥቃጩ ካልተሰደበም በኋላ ርስት አልባ ነበር፤ ርስት አልባ በመሆኑም ከሥራው ትርፍ አጠራቅሞ ጎጆውን ወደ ሰፊ የሥራ ቤት ሊያሳድግ አልቻለም። ልጁን ከዕደ ጥበቡ ማሸሽ የአባት ምኞት ሆነ። ጥገና ወደ ምርት ያልተሸጋገረበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ችሎታው የሚያድግበት መሬትና ክብር ማጣት ነው። የመሬቱ ነገር በሕግ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የባከነው ዘመን ግን ሊመለስ የሚችል አልነበረም።

የዚህ ብክነት ዋጋ በ1928 ዓ.ም. ተከፈለ። የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ሲመጣ፣ የአውሮፓ መንግሥታት የመሣሪያ ሽያጩን አግደው ስለነበር የኢትዮጵያ ሠራዊት ካለው አሮጌ መሣሪያ በላይ ማግኘት አልቻለም። በተከተሉት አምስት የአርበኝነት ዓመታት አርበኛው የሚተማመነው ከጠላት በሚማርከው፣ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ከከተማ በስውር በሚልኩለትና በቤቱ ይዞ በወጣው መሣሪያ ነበር። በዱር የመለዋወጫ መጋዘን የለም። አባቱ በጠፍር ያሰረው ውጅግራ በልጁ ትከሻ ላይ እንደገና ዘመተ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማው ሲውለበለብ፣ ከድሉ ድርሻ ያለው አንድ ሌላ ሠራዊት በሰልፉ ላይ አልነበረም፤ የወናፍና የሞረድ ሠራዊት።

ቃላቱ የሚመሰክሩት

ዛሬ ወደ አንድ የጥገና ቤት የገባ ሰው የሁለት ዘመን ቋንቋ ይሰማል። «ወናፍ»፣ «ጉጠት»፣ «ሞረድ»፣ «መዶሻ» የአገሩ የቆዩ ቃላት ናቸው። «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ሞላ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። እሳቱና መቀጥቀጡ በአገር ቃል ይጠራል፤ ብሎኑን መፍታትና ማሰር በውጭ ቃል ይጠራል። አንድ ጥበብ ከራሱ እሳት ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ ለማደግ ሳይታደል፣ ፋብሪካው ከውጭ ተሠርቶ ሲመጣ የሚከተለው ይህ ነው። ቃላቱ ስፌቱ የት ላይ እንዳለ ያሳያሉ።

ያ የአገር ቃል የሚያውቁት ሰዎችም እያነሡ ነው። ከጎንደር አካባቢ ቀጥቃጮች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ከዚያም በኋላ፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በየገጠሩ የቀሩትም ባለእጆች የመኪና ስፕሪንግ እየቀጠቀጡ ማረሻና ቢላ ቢሠሩም ጥበባቸውን የሚረከብ ወጣት የሚያገኙት በችግር ነው።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። በየቤተ መዘክሩም የመሳፍንቱና የአርበኞቹ ጠመንጃ ከነባለቤቱ ስም ተሰቅሏል። የመዘክር ሠራተኛ የመሣሪያውን ባለቤት ስም ሲጽፍ፣ በሰደፉ ላይ ያለውን ጠፍር፣ በእጅ የተሠራውን ብሎን፣ ከሌላ ጠመንጃ የመጣውን ሞላ አብሮ ቢመዘግብ ለታሪክ አዲስ ምንጭ ይከፍታል። መምህሩ የዓድዋን ጦርነት ሲያስተምር ከጥይቱ ጋር ስለ ቀልሃው ቢያነሣ፣ ተማሪው ድል በስንት እጅ እንደሚሠራ ይረዳል። ጸሐፌ ተውኔቱም ፎካሪውን በመድረክ ላይ ደጋግሞ አቁሞታል፤ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በኩራዝ ብርሃን የላላውን ብሎን የሚያጠብቀው ሰው ግን መድረኩን ገና አላየውም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው እንደሚባለው፣ የዚያን ሰው ታሪክ ለመሰብሰብ የቀረው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሽማግሌ ቀጥቃጮች በሕይወት ያሉበት ይህ ጊዜ ነው።